አምስት ኮከብና አንድ አሜን

እህቴን ከሰው ያጣላት አንድ ኮከብ የሰጣት ሰው አይደለም። አምስት የሰጠቻት ሴት ናት። ይህን ስናገር የማይገባው ሰው ይበዛል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። መጻፍ አልለመድኩም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ የቀረሁ ነኝ። አንዳንዱን ነገር አስቀድሜ አንዳንዱን ወደ ኋላ ልተወው እችላለሁ።

እህቴ ምግብ ቤት ነበራት። ቁስቋም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከሚወጣው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ክፍል። ጠረጴዛዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ሳህኑን ይይዛል። በጾም ሽሮና በያይነቱ፣ በፍስክ ጥብስ ትሠራ ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ ትንሽ እያለሁ ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ያሳደገኝም ያ ቤት ነው።

ሽንኩርት እከትፍላት ነበር። ምስር እለቅምላት ነበር። ጨው ግን አታስነካኝም። እኔን ብቻ አይደለም፣ ማንንም። የጨው ቆርቆሮዋ ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ወጡ ሊወጣ ሲል ትጨምራለች፣ ከማማሰያው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ ትቀምሳለች፣ ዝም ትላለች፣ ከዚያ እሳቱን ታወጣለች። የጾም ቀን ሲሆን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም ወደ አፏ አታስገባም። ያኔ ጨውን በዓይኗ ነው የምትለካው። ተሳስታ አይቼ አላውቅም።

ቤቱን የስልኩ ካርታ ላይ ያስገባላት ቱሪስት የሚያስጎበኝ አንድ ደንበኛዋ ነው። በራሷ ስልክ ከፍቶ አሳያት። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ እግሯን በርጩማ ላይ ትዘረጋና «ዛሬ ደግሞ ማን ምን አለ?» ትላለች። የሚጻፈው ያን ጊዜ ስለ ምግብ ነበር። ሽሮዋ አንደኛ ነው። ቦታው ይጠባል። እጅ መታጠቢያው ላይ ውሃ የለም። ስለ ውሃው የጻፈውን ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ስትረግመው ቆይታ ጀሪካን ገዛች።

ከዚያ ሴትዮዋ ጻፈች። ፒያሳ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ምሳ ልትበላ አልፎ አልፎ ትመጣ ነበር። ጴንጤ መሆኗን እህቴ ታውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ከምግቡ በፊት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ማንም ምንም ብሏት አያውቅም። አምስቱንም ኮከብ ሰጥታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ምግቡ ይጣፍጣል፣ ቤቱ ንጹሕ ነው። እህቴ፣ ጌታ ኢየሱስ አብዝቶ ይባርክሽ። እጅሽ ይባረክ።»

እህቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «መረቀችኝ እኮ» አለች። ከዚያ በአንድ ጣቷ፣ ፊደል እየፈለገች፣ ከሥሩ መልስ ጻፈች። «አሜን» ብላ።

በዚያ ገጽ ላይ እህቴ የጻፈችው ያን ቃል ብቻ ነው። ለሌላ ለማንም መልስ ሰጥታ አታውቅም።

ከሷ ቤት በላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነበር። ከአዲ አርቃይ የመጣ ነው፣ የመብራት መስመር ይዘረጋል፣ የሰንበት ተማሪ ነው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ያስተምራል። አላገባም። ምሳና ራቱ እኛ ቤት ነበር። ጨጓራውን ስለሚያመው ሽሮውን ያለ ቃሪያ ትሠራለታለች፣ ለብቻው፣ በትንሿ ድስት። በገጹ ላይ የሚጽፈው በስሙ አይደለም፤ ሰይፍ የያዘ መልአክ ሥዕል አድርጎ ነው። እሱ መሆኑን ያወቅነው ከጻፈው ነው።

«ቤቱን ለረጅም ጊዜ አውቀዋለሁ» ይላል። «ሽሮ ያለ ቃሪያ ሲታዘዝ ለብቻው ይሠራል፣ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባለቤቷ ለመናፍቅ ምርቃት አሜን ብላ መልሳለች። አሜን ያልሽው ለየትኛው ጌታ ነው? ምእመናን ተጠንቀቁ።» አንድ ኮከብ።

እህቴ ስታነበው ሳቀች። «ለየትኛው ጌታ? ስንት አሉ?» አለች። እኔም ሳቅሁ። ቁም ነገር መሆኑን የተረዳነው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ሌሎች ጻፉ። ማተቧን አይቻለሁ፣ አንገቷ ላይ አለ፣ አለ አንዱ። ማተብማ ለሽፋን ነው፣ ተሐድሶዎች ሁሉ ያስራሉ፣ አለ ሌላው። ተሐድሶ የሚሉት ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጦ ቤተ ክርስቲያንን ያፈርሳል የሚባለውን ሰው ነው። ጴንጤ ከመባል ይከፋል። ጴንጤ ወጥቶ የሄደ ነው፤ ተሐድሶ አጠገብህ የቆመ ነው። አንዱ «በፍስክ የምታበላው ሥጋ የማን ቢላ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት እንኳ ሳይጠብቅ አንድ ኮከብ አስቀምጦ ሄደ።

ጴንጤዎቹ ደግሞ ሰሙ። ከየት እንደሰሙ አላውቅም። ቁስቋም የት እንዳለ የማያውቁ ሰዎች አምስት አምስት ኮከብ ይሰጡ ጀመር። «እህታችን በርቺ፣ ስለ ስሙ መሰደድ ክብር ነው።» እህቴ ማን እንዳሳደዳት ጠየቀችኝ። አምስት ኮከብ በመጣ ቁጥር ያኞቹ «ይኸው፣ የማን እንደሆነች ራሳቸው መሰከሩ» ይሉና አንድ ያወርዳሉ። የገረመኝ ይህ ነው። ሁለቱም ወገን ሽሮዋን አልቀመሰም። በሽሮዋ ላይ ግን ይጋደላሉ።

አንድ ሙስሊም ባጃጅ ነጂ ደንበኛችን ሊያስታርቅ ገባ። «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጠዋት ማታ እዚህ እበላለሁ፣ ማንም ሃይማኖቴን ጠይቆኝ አያውቅም» ብሎ ጻፈ። «ለዚህ ነው እኮ የምንለው» ብለው መለሱለት። ሰደባቸው። እነሱም ሰደቡት። ከዚያ በኋላ የእሱ ፀብ ለብቻው ሌላ ፀብ ሆነ።

የሰንበት ተማሪው አንድ ቀን በአካል መጣ። አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆመ። ደንበኞች ነበሩ፣ ብዙ አይደሉም።

«እትዬ» አላት። «አንድ ነገር ልለምንሽ። ያቺን ቃል አጥፊያት።»

«የቷን?»

«ታውቂያታለሽ።»

«አሜንን ነው አጥፊ የምትለኝ?»

«ለመናፍቅ ያልሽውን።»

እህቴ ማማሰያውን ይዛ ወጣች። «እኔን ስሚኝ ብለህ መጣህ፣ አንተ ስማኝ። ሰው መረቀኝ። ሰው ሲመርቅ ዝም ይባላል? እናትህ እንዲያ ነው ያሳደገችህ? ለማኝ በር ላይ ቆሞ ሲመርቅህ ሃይማኖቱን ጠይቀህ ነው አሜን የምትለው?»

«ይህ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«ይህ ተጽፏል። ሰው ሁሉ ያየዋል።»

«ይየው! ሰርቄ ነው? ተመረቅሁ፣ አሜን አልሁ። አሁን ደግሞ ልፋቀው? የፋቅሁት እንደሆነ ምርቃቱ የት ይሄዳል?»

እሱ ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «ሰምታችኋል» አላቸው። ከዚያ ሄደ። ከዚያን ቀን በኋላ በዚያ በር አልገባም። ትንሿን ድስት እህቴ አልሰቀለችም፤ ምድጃው አጠገብ ቀረች። የት እንደሚበላ አላውቅም። እየከሳ ሲሄድ ግን አይተነዋል።

ከቅዳሴ በኋላ የሚመጡት ቀሩ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሚስቶቻቸው፣ ከዚያ ልጆቻቸው። በፊት ለፊታችን እያለፉ ራቅ ብሎ ያለው ቤት ሄደው ይበላሉ። አንዳንዱ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል። አንገት ማዞሩን ነው የምጠላው። ፊት ለፊት አይቶ ቢያልፍ ይሻል ነበር። እህቴ ግን ሽሮውን በፊት በምትሠራው ልክ መሥራቷን አልተወችም። የተረፈውን ማታ ማታ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላሉት ነዳያን ትወስድላቸው ነበር። እነሱ በሉ። ምንም አልጠየቋትም።

በጽጌ ጾም ውስጥ፣ ጥቅምት ላይ፣ ምድጃው ፊት ወደቀች። ማማሰያው ከእጇ አልወጣም ነበር። ግፊት አሉን። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች፣ አልነቃችም። የስልክ ኮከብ ሰው አይገድልም ብሎ አንዱ በለቅሶው ላይ ነገረኝ። እንደማይገድል አውቃለሁ። እሱ ግን ይህን ለመናገር ለምን እንደፈለገ ይገርመኛል። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ነፍስ አባቷ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ፈትተው ቀበሯት። ቁስቋም ግቢ ውስጥ፣ እናታችን አጠገብ። ይህን ማንም ሊከለክል አልቻለም።

ከቀብሩ ስመለስ ስልኳን ከፈትኩት። ቁልፉን አውቀዋለሁ። ገጹ ላይ አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላው «ለመናፍቅ ነፍስ ይማር አይባልም» ይላል። ከሥሩ ሦስተኛው ንስሐ ገብታ ከሆነስ ይላል። ከሥሩ አራተኛው ንስሐ ብትገባ አሜኑን ታጠፋው ነበር ይላል። እህቴ ገና ሳትቀበር ሲከራከሩ ነበር የዋሉት። ቤቱ ተዘግቷል ብዬ ለካርታው አሳወቅኩ። በማግስቱ አንድ ሰው «አልተዘጋም፣ ሰው ሲበላ አይቻለሁ» ብሎ አስከፈተው። ያየው የለቅሶ ድንኳኑን ነው። የሚበላው የለቅሶ ንፍሮ ነው።

በሁለተኛው ቀን ሴትዮዋ ለቅሶ መጣች። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ ለብሳለች። ስትገባ አንዲት ሴት «ይቺ ናት» አለች፤ እንዲሰማ አድርጋ ነው ያለችው። አጠገቧ የተቀመጡት ተጠጋግተው ቦታ አሳጧት። ቆማ አለቀሰች። እኔ ተነስቼ ወደ ውጭ ወሰድኳት። ላጽናናት አልነበረም።

«ለምን መጣሽ?» አልኳት።

«እንዴት አልመጣም?»

«አንድ ኮከብ ብትሰጫት ይሻላት ነበር።»

ፊቷ ተቀያየረ። «እኔ እኮ ተከራክሬላታለሁ። በየቀኑ ስመልስላቸው ነው የከረምኩት።»

«ማን ተከራከሪ አለሽ? እሷ አለችሽ? ዝም ብትይ ኖሮ በሳምንቱ ይረሱት ነበር።»

«አጠፋዋለሁ» አለች። ስልኳን አወጣች። «አሁን አጠፋዋለሁ። እኔ የጻፍኩት ከጠፋ ከሥሩ ያለውም አብሮ ይጠፋል።»

ከሥሩ ያለው የእህቴ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«እኔ ሳልነግርሽ እንዳትነኪው» አልኳት። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ከድንኳኑ ሰው ወጥቶ አየን።

አርባው ሲቃረብ ነገሩ ወደ ተዝካሯ ዞረ። መልአክ ሥዕል ያለው ሰው «ተዝካሯን የሚቀምስ ከእሷ ጋር ይቆጠራል» ብሎ ጻፈ። ይህን የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ በአርባው ቀን ካህናቱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ነዳያንና ጎረቤት ይበላሉ፣ ያ መብል ለሟቹ ነው። የተዘረጋ ተዝካር ሳይበላ ቢቀር፣ ሰው መጥቶ እጁን ሰብስቦ ቢሄድ፣ የሞተው ሰው በአገሩ ፊት ሁለተኛ ጊዜ ሞተ ማለት ነው። እኔ የማስበው ይህን ብቻ ነበር። ይበሉላት። የሚወዷት ባይሆኑም ይበሉላት።

የቁስቋም በዓል በዚያው ሰሞን አለፈ። ሌላ ጊዜ በዚያ ቀን እህቴ ከንጋት እስከ ማታ አትቀመጥም። ዘንድሮ በሩን ዘግቼ ውስጥ ተቀመጥኩ። የሕዝቡን እልልታ በግድግዳው ሰማሁት። በበዓሉ ማግስት የሰንበት ተማሪው አንኳኳ።

ውሃ አቀረብኩለት። አልነካውም። ዓይኑ ትንሿ ድስት ላይ ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ።

«ኮከብ ልትሰጠኝ ነው የመጣኸው?»

«ለሰላም ነው የመጣሁት። ስልኳ አንተ ጋ ነው። አጥፋውና እኛ እንመጣለን። ልጆቹ ይዘምራሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ያስተናግዳሉ። ሸጋ ተዝካር ይሆንላታል። እኔ ራሴ ገጹ ላይ ነገሩ አብቅቷል ብዬ እጽፋለሁ።»

«ካላጠፋሁትስ?»

«እኔ አልከለክልም። ሰው ግን ኅሊናውን ይሰማል።»

«ኅሊናውን የምትጽፍለት አንተ ነህ።»

ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ «እኔም እናዝናለን ወንድሜ» አለኝ። «እኔም እናዝናለን» ነው ያለው፤ ተደናግሮ ነው። «በስድስት ዓመት ጨጓራዬን አንድ ቀን አላሳመመችኝም» አለና ወጣ። ልመታው ፈልጌ ነበር። እንዲህ ከሚል ዝም ቢል ይሻለኝ ነበር።

ነፍስ አባቷ ጋ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ተቀመጥ።»

ነገርኳቸው። ስለ ኮከቡ ስነግራቸው ግንባራቸውን አኮማተሩ። «ኮከብ ቆጠራማ ውግዝ ነው» አሉ።

«ቆጠራ አይደለም፣ አባ። ለሽሮ ነው የሚሰጡት።»

«ለሽሮ ኮከብ?»

«አዎን አባ።»

«የበላው ነው የሚሰጥ?»

«የበላም ያልበላም።»

«ምን ላድርግልህ ታዲያ?» አሉኝ።

«በተዝካሯ ዕለት ሰው ፊት አንድ ቃል ይበሉልኝ። ልጄ ነበረች፣ ቆራቢ ነበረች ይበሉ።»

ወደ በሩ አዩ፤ ማንም አልነበረም። «ፈትቼ ቀብሬያታለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ምን ቃል አለኝ?» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «አንድን ካህን በዚሁ ስልክ ሲያዋርዱት የልጅ ልጄ አሳይታኛለች። ሽማግሌ ነው። እንደኔ ያለ። እኔ እዚያ ላይ መውጣት አልሻም፣ ልጄ። አጥፋው። ሰላም ይሻላል።»

«እሷ አላጠፋችውም እኮ፣ አባ።»

«እሷ እልኸኛ ነበረች» አሉ። ያሉትን እንደተጸጸቱበት አየሁ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ተሳልሜ ተነሳሁ፤ ግን ተናድጄ ነበር የተሳለምኩት።

አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ለተዝካሩ ከቆላ ድባ መጣች። ሽምብራውንም ምስሩንም በጆንያ አስጭና ነው የመጣችው። ነጠላዋን ሳታወርድ ጓዳውን ዞረችው፣ ምጣዱን ነካካችው፣ ቁና ሙሉ አመድ አወጣች። ማታ ራት ላይ ነገርኳት። እንጀራዋን ሳትጎርስ አዳመጠችኝ።

«ምነው?» አለች። «በአሜን ነው እንዲህ የሆነችው?»

«በአሜን።»

«አሳየኝ እስቲ።»

«ማንበብ አትችይም እኮ፣ እትዬ።»

«ልየው ነው ያልኩህ። አንተ አንብበው።»

ስልኩን በመካከላችን ይዤ የሴትዮዋን አነበብኩላት። ጌታ ኢየሱስ አብዝቶ ይባርክሽ፣ እጅሽ ይባረክ።

«ሸጋ ምርቃት ነው» አለች።

«ጴንጤ ናት።»

«ሰማሁ፣ ደጋግመህ አትንገረኝ። ልጄስ ምን አለቻት?»

«አሜን።»

«አሜን» አለች አክስቴ። ግንባሯን ነካች። ከዚያ አፏን ያዘች።

ተያየን።

«ይኸው አንቺም አልሽ» አልኳት።

«ወይ ጉዴ! ከአፌ ወጣ። ምን ላድርግ? አንተ ምርቃት አነበብክ፣ አሜን አልክ፣ ዝም ልበል?» ተቆጣች። እኔን ነው የተቆጣችው። ትንሽ ቆይታ «ካላጠፋኸው አይበሉም ነው የሚሉ?» አለች።

«እንዲያ ነው የሚሉ።»

«የማይበላ ይቅራ። ነዳያን አሉ።» እንዲህ ብትልም እንጀራውን መልሳ አኖረችው። እንደፈራች አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። እህቴ በዚህ ዓለም ላይ ጽፋ የተወችው ቃል ያ ነው። ደብተር አልነበራትም፣ ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም። በዚያው ማታ ለሴትዮዋ «ተይው፣ አታጥፊው» ብዬ መልእክት ላክሁላት። «እሺ ወንድሜ፣ ጌታ ያጽናህ» ብላ መለሰችልኝ። አሜን አላልኳትም። እኔ እንደ እህቴ አይደለሁም።

ተዝካሩ በገና ጾም ውስጥ ዋለ። የእድሩ ሴቶች ከማለዳ መጡ፤ የእድር ሕግ ስለሆነ ነው የመጡት፣ ከፊታቸው ያስታውቃል። አንዷ እንዲያውም «ለእድሩ ነው የመጣን» ብላ ለአክስቴ ነገረቻት። አክስቴ «ለሽንኩርቱም እግረ መንገድሽን» ብላ ቢላ ሰጠቻት። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ክኩ በየትልልቁ ድስት ተጣደ። ሴቶቹ ያማስላሉ። ማንም አይቀምስም። ጾም ነው፣ ሰዓቱ አልደረሰም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ አልደረሰም ነበር። እኔ ግን ሰዓቱ ቢደርስም እንደማይቀምሱ ከአያያዛቸው አውቄዋለሁ። አንዷ ጣቷ ላይ የተፈናጠቀውን ሽሮ በጓዳው መጋረጃ ጠረገችው።

ሽሮው ሊወጣ ሲል ጨው ማን እንደሚጨምር የሚያውቅ አልነበረም። የእህቴን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረድኩ። በእጄ ሳነሳው የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ስትጨምር የማየውን ያህል ብዬ ጨመርኩ፣ ድስቱ ትልቅ ስለሆነ ደግሞ ጨመርኩ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከቀትር በኋላ ካህናቱ መጡ። ነፍስ አባቷም መጡ። ነዳያኑ ቀድመው ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቹ ደግሞ ከድንኳኑ ጠርዝ ላይ፣ ገሚሱ ቆሞ፣ ገሚሱ የወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መሄጃውን እያየ። የሰንበት ተማሪው ከበሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። ልጆቹን አላመጣም።

አክስቴ ሌማቱን ይዛ በመካከላቸው ቆመች። «ምነው ቆማችሁ? ሬሳ አይደለም የምትጠብቁ፣ እንጀራ ነው! ተቀመጡ እንጂ!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ዋጠው። ከቆሙት ማንም አልተቀመጠም።

ጸሎቱ ደረሰ። ነፍስ አባቷ መብሉን ባረኩ። ሁሉም አሜን አለ። ነዳያኑ እንኳ እጃቸውን አልዘረጉም፣ ካህኑ እስኪጀምሩ። ሽማግሌው ተቀመጡ። ፊታቸው ወደ ቀረበው ሳህን ብዙ ጊዜ አዩ። ወደ በሩም አዩ፣ እዚያ ወደቆመው ሰው። የሚሉት ቃል አልነበራቸውም፤ እንደነገሩኝ። ቁራሽ ቆረሱ፣ ሽሮው ላይ አጠቀሱ፣ ጎረሱ።

ፊታቸው ጭምድድ አለ።

የሚተፉት መሰለኝ። እሳቸው ግን ዋጡት። «ውሃ» አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። ከዚያ ደግመው ቆረሱ። ጎረሱ። ደግመው ውሃ ጠጡ። ሳህኑን እስኪጨርሱ ሌላ ነገር አላደረጉም። ነዳያኑ ተከተሉ። ከዚያ ከጠርዝ ያሉት ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ፤ አንዱ፣ ሌላው። ፊታቸውን አላየሁም፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ስቀዳ ነው የዋልኩት። እንዲህ ያለ ውሃ የሚጠጣ ተዝካር አይቼ አላውቅም። ከበሩ ውጭ ያለው ሰው ገብቶ ይሁን ሄዶ አላየሁም። ቀና ባልኩ ጊዜ ግንቡ ጋ ማንም አልነበረም።

ማታ ድንኳኑ ሲፈርስ የእህቴ ስልክ ጮኸ። ገጹ ላይ አዲስ አስተያየት ነበር። ሰይፍ የያዘው መልአክ።

«ሽሮው ጨው በዝቶበታል» ይላል። «እሷ ብትኖር ጨው ለማንም አታስነካም ነበር።» ሁለት ኮከብ።

ቆሜ አነበብኩት። ስለ ጌታ የለበትም። ስለ መናፍቅ የለበትም። ከከረምንበት ጊዜ ሁሉ ስለ ምግብ ብቻ የተጻፈ ያ ነው። የማይበላ ሰው ጨው መብዛቱን አያውቅም። መልስ የሚጻፍበት ቦታ ተከፍቶ ይጠብቀኛል፤ ምንም አልጻፍኩበትም። ይቅርም አላልኩትም። እስከ ዛሬም አላልኩትም።

አክስቴ ጓዳ ውስጥ ሳህን ትደራርባለች።

«እትዬ፣ ሽሮው ላይ ጨው ጨምረሽ ነበር?»

«ታዲያ ማን ሊጨምርልኝ ነበር? ጨመርኩ እንጂ።»

«እኔም ጨምሬያለሁ።»

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። «ስንት?»

በእጄ አሳየኋት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። ሄጄ ትልቁን የሽሮ ድስት ከምድጃው አወረድኩ፣ ላጥበው። ጨለማ ስለነበረ በስልኩ መብራት ውስጡን አየሁት። ዙሪያውን በእንጀራ ጠርገውታል። የሚታጠብ ነገር ብዙም አልነበረውም።